በወረቀት አሥራ አራት ዓመት የሞላው ውሻ

የመጀመሪያው ቀን የተረከብኩት ዕቃ አንድ ስፖንጃ፣ አንድ ባልዲ፣ ግማሽ ጠርሙስ በረኪናና አንድ ድመት ነው። ድመቱ ዕቃ አልነበረም። ዶክተሩ ግን በሩን ከፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠውና ተመልሶ ገባ። እሁድ ጠዋት ነበር። ባልዲውን የት እንደማኖር፣ ድመቱን በየት በኩል እንደምይዝ አላውቅም። ሁለቱንም ይዤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ።

የእንስሳት ክሊኒኩ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አፍሪዳር የሚባል ሰፈር ነው፣ ከሱቆቹ ጀርባ። አንድ መጠበቂያ፣ አንድ ምርመራ ክፍል፣ አንድ ቀዶ ጥገና ክፍልና ከኋላ በኩል ስድስት የብረት ጎጆ ነበረው። ባለቤቱ ዶክተር ሌስሊ በልጅነቱ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ረጅም ሰው ነው። ስሜን ጠየቀኝ፤ “ፈንታሁን” አልኩት። “ፒኒ” አለ። በዚያ ክሊኒክ እስከ ጡረታዬ ድረስ ፒኒ ሆኜ ቀረሁ።

ማዕረጉ ሦስት ነበር፤ ዶክተር፣ ረዳት፣ ጽዳት። ሁለት ዓመት ጽዳት ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ ረዳቷ ልጅ ወልዳ ሥራውን ተወችና ዶክተር ሌስሊ ረዳት አደረገኝ። የጽዳቱን ሥራ ግን ማንም አልተረከበኝም።

ረዳት ማለት በአጭሩ ውሻ የሚይዝ ማለት ነው። ግራ ክንድ ከአንገቱ ሥር ይገባል፣ ቀኝ ክንድ በጀርባው ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ደረት ጠጋ ማድረግ ነው። ዓይኑን ትክ ብሎ ማየት አይገባም። የአፍ ማሰሪያው የሚታሰረው ከመናከሱ በፊት ነው፤ ይህን የተማርኩት ከተነከስኩ በኋላ ነው። ድመት በፎጣ ይጠቀለላል። ድመት ይዞ መሳቅ አይቻልም።

እናቴ የምሠራውን ስትሰማ ሦስት ቀን እጄን እጄን ስታይ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን፣ “በአገራችን ደሙን የሚጠይቅለት የሌለ ሰው ደመ ከልብ ይባላል” አለችኝ። “እዚህ የከልቡን ደም በመርፌ ቀድታችሁ ምን ጎደለው ትላላችሁ አሉ። እሺ፤ ብቻ እጅህን ታጠብ።” እጄን እታጠብ ነበር።

ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ወደ ክሊኒኩ የገባው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከሩሲያ የሚመጡት ስደተኞች ከተማዋን ሞልተዋት ነበር፤ ብዙዎቹም ከነውሻቸው ነው የመጡት። አንድ ቀን አንድ የሒሳብ መምህር ውሻውን ይዞ መጣ። ውሻው የራሱ ፓስፖርት ነበረው። አባቱ፣ እናቱ፣ አያቶቹና ቅድመ አያቶቹ ከነተወለዱበት ቀን ተጽፈዋል፤ ማኅተምም አለበት። እኔ እስከ ሰባት ቤት በቃሌ እቆጥራለሁ፤ በወረቀት ግን ከራሴ አላልፍም። የራሴም ቢሆን በፈረንጅ ጥር አንድ የተወለድኩ ነኝ ይላል። በእኔ አውሮፕላን የመጣ ሰው ሁሉ የተወለደው ጥር አንድ ነው።

እነዚህ ደንበኞች ውሾቻቸውን ይወዳሉ፤ ለሕክምና የሚከፍሉት ግን የላቸውም። ይህን ያየ ሩቬን የሚባል ሶኼን፣ የኢንሹራንስ ወኪል ማለት ነው፣ በየማክሰኞው ቦርሳውን ይዞ መምጣት ጀመረ። ሩቬን ለሁሉም ነገር “ኤን ባያ” ይላል፤ ችግር የለም ማለት ነው። ውሻዬ አርጅቷል ስትለው ኤን ባያ፣ ድመቴ ታማለች ስትለው ኤን ባያ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላ መልስ የሰጠኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ዶክተር ሌስሊ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ያሳተሟቸውን ወረቀቶች ሰጠኝ። “ደንበኞቹ የትኛው ይሻላል እያሉ ያደክሙኛል” አለ። “አንተ አንብብና ንገራቸው።”

“ዕብራይስጤ ለዚህ ይበቃል?” አልኩት።

“የኔም አይበቃም” አለ።

መዝገበ ቃላት ይዤ አራት ሳምንት አነበብኩ። የመጀመሪያው ድርጅት ከሁሉ ርካሽ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለአደጋ እንጂ ለሕመም አይደለም። ሁለተኛው ለሁሉም ይከፍላል፤ ሆኖም ውሻው መታከም ያለበት ራሱ ድርጅቱ በመረጠው ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ ያለው መሀል አገር ነው። ከአሽቀሎን እዚያ እስኪደረስ የታመመው ይድናል ወይም ይሞታል። ሦስተኛው ዋጋው መካከለኛ፣ ጽሑፉ ግን የቅማል እንቁላል የሚያክል ነበር። ፊደሉ ካነሰ የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ በማጉያ መነጽር አነበብኩት። የተደበቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ሦስት ወር እንደማይከፍሉና ሲፈርም አሥር ዓመት ያለፈውን ውሻ እንደማይቀበሉ።

ጌቬሬት ሃና የምትባል፣ ወይዘሮ ማለት ነው፣ የአፍሪዳር ደንበኛችን ምክሬን ሰምታ ርካሹን ገዛች። በበጋው ውሻዋን የመዥገር ትኩሳት ያዘው፤ ድርጅቱም መዥገር አደጋ አይደለም አለ። ጌቬሬት ሃና መጠበቂያው ውስጥ ቆማ፣ “መዥገሩ በቀጠሮ ነው እንዴ የመጣው?” አለችኝ። በማግስቱ ደብተር ገዝቼ ደንበኛ ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቁትን ጥያቄዎች መጻፍ ጀመርኩ። የማትከፍሉት ለምንድን ነው? ከስንት ቀን በኋላ ነው የምትከፍሉት? እስከ ስንት ዓመቱ? ሕመሙ ከፊርማው በፊት ነበረ የሚለው ማን ነው? አስቀድሜ እኔ ከፍዬ ነው ወይስ በቀጥታ ለዶክተሩ ትከፍላላችሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ለአገሬ ሰዎች ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ “እድር ማለት ነው” እል ነበር። ወር በወር ታዋጣለህ፣ የደረሰብህ ዕለት ይደርሱልሃል። አንዲት እናት ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ “ታዲያ ውሻው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ማነው?” አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አገላለጤን ቀየርኩ፤ “ሳይታመም የምትከፍልበት፣ ሲታመም የምትጨቃጨቅበት ነው” ማለት ጀመርኩ። ይኸኛው በደንብ ይገባቸው ነበር።

ጋሼ አድማሱ የመጡት በዚያው ዓመት፣ የመስከረም በዓላት ካለፉ በኋላ ነው። ከከተማዋ ሌላ ሰፈር፣ ከአቲቆት፣ ተነስተው በእግራቸው፣ ውሻቸውን በገመድ ይዘው። እንደኔው ከጎንደር በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው። በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ፣ ከብሔራዊ ፓርኩ አጥር አጠገብ፣ አዲስ ቤቶች የሚሠሩበትን ግቢ ይጠብቁ ነበር። ሲሚንቶ፣ ብረትና ጣውላ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ውሻው ቡናማ ሆኖ ደረቱ ነጭ ነበር።

“ለውሻም ቢቱዋኽ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?” አሉኝ። በዕብራይስጥ ኢንሹራንስ ማለት ነው።

“አለ ጋሼ” አልኳቸው።

“እ?”

“አለ!” ብዬ ጮህኩ። መጠበቂያው ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ጋሼ አድማሱ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉኝ። “እንግዲህ አንተ የኛ ልጅ ነህ፤ ልንገርህ። ጆሮዬ ሄዷል። አለቃዬ፣ መናሄሉ፣ አያውቅም፤ ቢያውቅ በዚያው ቀን ያሰናብተኛል። የሚሰማልኝ ይኼ ነው። እሱ ጆሮውን ወዳቆመበት እኔ ዓይኔን እልካለሁ። እሱ አንድ ነገር የሆነ ዕለት እኔም ሥራዬን ጨረስኩ።”

“ሐኪም ዘንድ ለምን አይሄዱም?” ብዬ ጮህኩ።

“ሐኪም ወረቀት ይጽፋል። ወረቀት እግር አለው፤ ዞሮ ዞሮ መናሄሉ ጋ ይደርሳል።”

ምስጢሩን የተነጋገርነው እየተጯጯህን ነው። በአማርኛ ስለነበር ተጠብቆ ቀረ።

የሦስተኛውን ድርጅት ቅጽ አወጣሁና መሙላት ጀመርኩ። “የውሻው ስም ማነው?” አልኳቸው።

“ምን አገባህ” አሉኝ።

ደነገጥኩ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ፤ አድራሻቸውን ጻፍኩ። ከዚያ ተመልሼ በትሕትና፣ “ጋሼ፣ ለቅጹ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ስሙን ቢነግሩኝ” አልኩ።

“ነገርኩህ እኮ! ምን አገባህ!”

ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። የውሻው ስም “ምን አገባህ” ነበር። ከሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረቤታቸው ውሻ ምን ያደርግልሃል እያለ ሲጨቀጭቃቸው፣ አንዴ መልስ ሰጥተው ለመገላገል ያወጡት ስም ነው። በአገራችን በውሻ ስም ጎረቤትን መናገር የቆየ ልማድ ነው። ጋሼ አድማሱ ጠዋት ማታ ከደረጃው ሥር ቆመው “ምን አገባህ! ምን አገባህ!” እያሉ ይጠሩታል። ጎረቤቱ ግን የሞሮኮ ሰው ስለሆነ መልእክቱ እስከዛሬ አልደረሰውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዶክተር ሌስሊ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አምስት ደንበኞች ይጠብቃሉ። እኔም አፍሬአለሁ፤ ቶሎ ለመጨረስ ቸኮልኩ። “መቼ ተወለደ?” ብዬ ጮህኩ። “ሰባ ስምንት፣ መጋቢት” አሉ። 1978 ብዬ ጻፍኩ። አስፈረምኳቸው። ማክሰኞ ሩቬን መጥቶ ቅጹን ሳያይ ቦርሳው ውስጥ ከተተውና “ኤን ባያ” አለ።

አሁን ስጽፈው ጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ አድማሱ የነገሩኝ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰባ ስምንት ሲሉ በዚህ አገር ሰማንያ ስድስት ማለታቸው ነው። እስራኤል ውስጥ የአይሁድ ዓመት አለ፣ የፈረንጅ ዓመት አለ፤ እኛ ደግሞ ሦስተኛ ይዘን መጣን። በየቀኑ ለሌላው ሰው በአእምሮዬ እደምር ነበር። የዚያን ቀን አልደመርኩም።

ክፍያው በየወሩ ከጋሼ አድማሱ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ ማንም የውሻውን ዕድሜ አልጠየቀም። ሲቀበሉ ማንም አያነብም።

በሚቀጥለው ጸደይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ፣ ጋሼ አድማሱ በጠዋት መጡ። ምን አገባህ ራሱን ወደ ቀኝ አጋድሎ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ወቅት ከፓርኩ አጥር ሥር ያለው ሣር ይደርቅና እሾሁ ውሾች ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ በሳምንት አራት አምስት እናወጣለን። ያዝኩት። ዶክተር ሌስሊ የጆሮ መመልከቻውን አስገብቶ በረጅሙ መቆንጠጫ አንድ እሾህ አወጣ። ከዚያ መመልከቻውን እንደገና አስገባ።

“ሁለተኛው ታምቡሩን አልፎ ገብቷል” አለኝ። “እዚህ በእኔ መሣሪያ አይወጣም። ሐሙስ ከመሀል አገር የሚመጣ ስፔሻሊስት አለ፤ እሱ ይከፍትልናል። ከሐሙስ ካለፈ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ውሻው በዚህ ጆሮ አይሰማም። በሌላኛውም እንጃ። የራሴን ዋጋ እተወዋለሁ። የስፔሻሊስቱን ልተውለት አልችልም። ኢንሹራንስ አለው አይደል?”

“አለው” አልኩ። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

ለጋሼ አድማሱ ተረጎምኩላቸው። ውሻውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “ሁለት ደንቆሮ ግቢ አይጠብቅም” አሉ።

ሰኞ ሩቬን ቀኑ ሳይሆን መጣ። ቦርሳውን ሳይከፍት፣ “ዬሽ ባያ” አለ። ችግር አለ። ከሩቬን አፍ ይህን ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ የተሳሳትኩ መሰለኝና ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ድርጅቱ ማመልከቻውን አንብቧል። ውሻው በሰባ ስምንት የተወለደ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲፈርም አሥር ዓመት አልፎታል፤ ውሉ ፈራሽ ነው። ቅጹን አሳየኝ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሰባቷን እንኳ ሳይቀር አሳምሬ ጽፌአታለሁ።

ለዶክተር ሌስሊ እንዳለ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ መቆጣት ነበረበት። ውሻው ወዳደረበት የብረት ጎጆ ሄዶ የምን አገባህን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየና ወረቀት ላይ ጻፈ። “ስድስት ዓመት ገደማ። አሥራ አራት ዓመት የሆነው ውሻ እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም። ይህን ያዝ። ግን እኔ የራሳቸው ዶክተር ስላልሆንኩ መዝገብ አምጡ ይሉሃል።”

ከዚያ ለጋሼ አድማሱ መንገር ነበረብኝ። ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ስመጣ አልሰሙኝም፣ ትከሻቸውን ስነካቸው ብድግ አሉ። ዕድሜውን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“ስንት አደረግኸው?” አሉ።

“አሥራ አራት።”

“አስረጀኸው። እኔን ደግሞ ልጅ አድርገውኛል” አሉና የታሪካቸውን ቁራጭ ነገሩኝ። አገር የገቡ ዕለት ጸሐፊው መቼ ተወለድክ ሲላቸው፣ “ጣሊያን ሲገባ ለአባቴ ወናፍ እነፋ ነበር” ብለው መለሱ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። አስተርጓሚው ቸኩሎ ነበር፤ ወናፉን ትቶ “ጣሊያን ሲገባ” ብቻ አለ። ጸሐፊው ጣሊያን የገባበትን ዓመት ፈልጎ የልደታቸው ዓመት አድርጎ ጻፈው። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ቢያንስ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ጋሼ አድማሱ በዕውነት ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ መውጣት የነበረባቸው አምና ነው። በወረቀት ግን ሃምሳ ስድስት ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ይቀራቸዋል። ግቢ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ጆሯቸውን የሚደብቁት ለዚህ ነው።

ያ አስተርጓሚ እኔ አልነበርኩም። ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ውሻ ሁሉ በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፤ የአንገት ቁጥርም ይሰጠዋል። መዝገቡ ካለ እዚያ ነው። ጸሐፊው አቧራ የለበሰ ትልቅ ደብተር አወጣ። በቁጥሩ ፈለግን፤ አገኘነው። ቡችላ፣ ወንድ፣ ቡናማ፣ ደረቱ ነጭ፣ ሦስት ወር፣ ሰኔ ሰማንያ ስድስት። በስም ቦታው ላይ በዕብራይስጥ እንዲህ ተጽፏል፤ “ባለቤቱ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለም።”

ጸሐፊው ሊሰጠኝ አመነታ። “በእናንተ ቅጽ ላይ ስም አለ፣ እዚህ ስም የለም። አንድ ውሻ መሆኑን በምን አውቃለሁ?”

“ስሙ ራሱ ነው” አልኩት። “የውሻው ስም ምን አገባህ ነው።”

“ምን አልክ?”

ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሳቀና ቅጂውን አነሳልኝ፣ ማኅተምም አደረገበት።

ረቡዕ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቴል አቪቭ ሄድኩ። ፋክስ መላክ ይቻል ነበር፤ ፋክስ ግን ሳይነበብ ጠረጴዛ ላይ መተኛት ይችላል፤ ሰው አይችልም። የድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ተቀበለችኝ። የዶክተሩን ደብዳቤ፣ የመዝገቡን ቅጂና የእኔን ቅጽ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የእኛ አገር ዓመት ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ባለቤቱ አልዋሹም አልኳት።

“ያሳሳትኩት እኔ ነኝ የሚል ሰው ወደዚህ ቢሮ መጥቶ አያውቅም” አለች። ስልክ አንስታ ለአለቃዋ፣ “የቀን ስህተት ነው፤ መዝገብ አለው” አለች። በቀይ እስክሪብቶ ሰባ ስምንትን ሰርዛ ሰማንያ ስድስት ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታች። ሰዓቴን አይቼ ነበር። አራት ደቂቃ ፈጀ።

ሐሙስ ስፔሻሊስቱ ጆሮውን ከፈተ። ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሾሁ የጣት ጥፍር አያክልም። ቀኝ ጆሮው ግማሽ በግማሽ ዳነ፤ ግራው ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን ግቢ የሚጠብቁት ሁለት ጠባቂዎች በድምሩ አንድ ተኩል ጆሮ ነበራቸው። ከግቢው አንድ ሚስማር አልተሰረቀም።

የቀዶ ጥገናው ክር በተፈታበት ሳምንት ጋሼ አድማሱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ውሻው ታይቶ ሲያበቃ አልተነሱም። ከደረት ኪሳቸው የመታወቂያ ወረቀታቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ውሻው በተኛበት ቦታ፣ አስቀመጡት።

“ለሱ አራት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው ብለኸኛል” አሉኝ። “እንግዲህ ለእኔም ንገርልኝ። ጥርሴን ይየውና ደብዳቤ ይጻፍልኝ።”

ኮፍያቸውን አውልቀው አፋቸውን ከፈቱ። ዶክተር ሌስሊ ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት፤ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አላስቀረሁም። ዶክተር ሌስሊ ጓንቱን ቀየረ፣ መብራቱን ሳበና በደንብ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ “ከስድሳ አምስት በላይ ናቸው” አለኝ። “የሚያሳዝነው እኔ የተፈቀደልኝ ለእንስሳ ብቻ ነው።” ደብዳቤውን ግን ጻፈ፤ የክሊኒኩ ወረቀት ላይ፣ ከላይ የውሻና የድመት ሥዕል ያለበት።

ደብዳቤውን ይዘን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሥዕሉን አይቶ መለሰልን። ፍርድ ቤት ሂዱ አለን፤ ሄድን። ፍርድ ቤቱ የልደት መዝገብ ጠየቀ። በመንደራቸው መዝገብ አልነበረም። እንግዲያው ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ምስክር አምጡ ተባለ። ጋሼ አድማሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ታላቅ ወንድማቸው፣ የአጎታቸው ልጅ፣ አብሯቸው የተገረዘው ጓደኛቸው። ሦስቱም የተቀበሩት በሱዳን መንገድ ላይ ነው። እኔ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ጉዳዩ በማስረጃ ጉድለት ተዘጋ።

ምን አገባህ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ድርጅቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ ጭቅጭቅ ከፈለለት። ጋሼ አድማሱ ከእሱ አንድ ዓመት በኋላ፣ የጥበቃ ኮፍያቸው በበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ሞቱ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በወረቀት ግን ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

ኢንሹራንስ ለምትመርጡ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ርካሽ መሆኑን በአንድ ቀን ታውቃላችሁ፤ አስተማማኝ መሆኑን የምታውቁት ወረቀቱ የተሳሳተ ዕለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ስልክ ደውሉና የልደቱ ቀን ተሳስቶ ቢጻፍ የሚያርመው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ስምና የፎቅ ቁጥር ከነገሯችሁ ፈርሙ። ለጋሼ አድማሱ የሚደወልበትን ቁጥር ግን አላገኘሁም።